የኮክ ሽቶና የጋሽ ደምሴ እግር

ባለፈው ጥቅምት፣ ከሥራ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ አዲስ ወደተከፈተ አንድ የሽቶ ሱቅ ገባሁ። ለመግዛት አይደለም። የዚያን ቀን ብርድ ጆሮዬን ሊቆርጠው ደርሶ ነበርና ትንሽ ልሙቅ ብዬ ነው። ሱቁን የያዘችው ልጅ ግን ሰው ለመሞቅ ብሎ ሱቅ ይገባል ብላ የምታስብ አልነበረችም።

«እህቴ፣ የዘይት ሽቶ ነው፤ አልኮል የሚባል የለውም። ለብርድ የሚሆን አለ፣ ለሙቀት የሚሆን አለ። ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ትወጃለሽ?»

መልሴን ሳትጠብቅ እጄን ሳብ አድርጋ ከአንዲት ትንሽ ብልቃጥ አንጓዬ ላይ ቀባችኝ።

«ሐብሐብ ነው» አለች።

«ይሄ ሐብሐብ ከሆነ እኔ የከተማው ከንቲባ ነኝ» አልኳት። የከረሜላ ወረቀት ነው የሚሸተው። ሳቀችና እንጆሪ ያለችውን ቀባችኝ፤ እሱም ማስቲካ ነው። ለብልቃጥ ስም የሚያወጣ ሰው ፍሬውን አንድ ቀን እንኳ ቢቀምሰው ምን ይጎዳዋል? እንዲህ እያልኩ ሳጉረመርም ልጅቷ ሌላኛውን እጄን ያዘች።

«እሺ ይሄንን ደግሞ ሞክሪው።»

ስሙን እስክትነግረኝ አልጠበቅኩም። ኮክ ነው። መጀመሪያ ለምለምና መረር ያለ፣ የፍሬውን ፀጉራም ቆዳ በጥርስ ሲገፉት የሚመጣው ዓይነት፤ ቆዳዬ ሲያሞቀው ደግሞ ጣፋጩ ከሥር ብቅ አለ። ሰው የልጅነቱ ሽታ ድንገት ሲመጣበት ሆዱ ይባባል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ግን ተናደድኩ። እዚያው ባንኮኒው ፊት ቆሜ ተናደድኩ።

«ምነው? አልተስማማሽም?» አለች ልጅቷ ፊቴን አይታ።

«ተስማምቶኛል። ቅጂልኝ» አልኳት። ከትልቁ ጠርሙስ በሲሪንጅ ስባ ትንሽ ብልቃጥ ሞላችልኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

አምስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት እናቴ እዚሁ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ ነበር። አባቴ በሕይወት የለም። የሌሊት ፈረቃ ሲደርሳት እኔን የምታስጠጋበት አጣችና አንኮበር ላለችው ለአባቴ እህት «አንድ ዓመት ብቻ ያዢልኝ» ብላ ሰጠችኝ። አክስቴን እቴቴ ዘነበች ነበር የምላት። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ድምፅዋ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ የሚሰማ ሴት ናት። ልጅ አልወለደችም። ከባሏ ከጋሽ ደምሴ ጋር ለሁለት ነበር የሚኖሩት።

እቴቴ አንድ ጉድለት ነበረባት። ሳይነስ አፍንጫዋን ዘግቶት ምንም አይሸታትም። ወጥ ሲያርባት የምታውቀው ጢሱን አይታ ነው። ስለዚህ በገባሁ በሳምንቱ ሥራ ሰጠችኝ። ሌላው ልጅ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፤ የእኔ ሥራ ማሽተት ሆነ።

«ትርሲት! ነይ እስቲ ይቺን ወተት አሽትቺልኝ። ኮምጣለች?»

«ትርሲት፣ ይሄ ዱቄት ሻጋታ ነክቶት ይሆን?»

ገበያም ይዛኝ ትሄዳለች። ለጋ ቅቤ ነው ተብሎ የቀረበላትን ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ አፍንጫዬ ሥር ታስጠጋዋለች። እኔ ራሴን ከነቀነቅኩ አትገዛም። ኋላ ኋላ ቅቤ ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር። እቴቴ ደግሞ ላገኘችው ሰው ሁሉ «ይቺ ልጅ አፍንጫዬ ናት» እያለች ትኮራብኝ ነበር። እኔም ኮራሁ። በዚያ ቤት ውስጥ ከምግብና ከመኝታ በላይ የሰጡኝ ነገር ያ ቃል ነበር።

ሽቶን ያወቅኩት አሊዩ አምባ ገበያ ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ስንወርድ፣ ላይ ጭጋጉ ውስጥ በጋቢ ተጠቅልለን እንጀምርና ታች ስንደርስ ጋቢው ትከሻችን ላይ ሸክም ይሆንብናል። ላይ የጥድና የእርጥብ አፈር ሽታ ነው፤ ታች የብርቱካን፣ የበሰለ ፓፓያና የላብ። እቴቴ ብርቱካን ስትመርጥ እኔ ከእትዬ ዘሀራ ሣጥን ፊት እቆማለሁ። እትዬ ዘሀራ የዘይት ሽቶ ሻጭ ነበረች። ትንንሽ ብልቃጦቿን በሣጥን ደርድራ፣ በጥላ ሥር እግሯን አጥፋ ትቀመጣለች።

አንድ ቀን ዓይኔን በመዳፏ ሸፍና ክዳን ከክዳን እየቀያየረች አስሸተተችኝ።

«ይሄስ?»

«ሎሚ።»

«ይሄስ?»

«ማንጎ ነው። ግን ገና አልበሰለም።»

«ያ አላህ! ይቺ ልጅ ምን ዓይነት አፍንጫ ነው የተሰጣት?» ብላ ጭኗን መታች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሄድኩ ቁጥር ከብልቃጥ ሥር የቀረውን ጥቂት ጥቂት ትሰጠኝ ጀመር። እቴቴ አፏን አጣመመች እንጂ አልከለከለችኝም።

እትዬ ዘሀራ ሽቶ ወቅት አለው ትል ነበር። «እንደ ልብስ ነው ልጄ። በብርድ ወፍራሙን፣ በሙቀት ስሱን። እናንተ ደጋዎች ግን በኅዳር ብርቱካን ቀብታችሁ ጠፋብን ብላችሁ እኔን ትወቅሳላችሁ። ብርቱካን ብርድ የት ይችላል?»

እውነቷን ነበር። ብርቱካኑን ጠዋት ቀብቼ ከቤት ስወጣ መላው አንኮበር የሚያሸትተኝ ይመስለኝ ነበር፤ ትምህርት ቤት በር ስደርስ ግን ከእጄ ላይ የሚሸተው ሳሙና ብቻ ነው። ማንጎው ሹራቤ ላይ ሦስት ቀን ይከርማል፤ ዝም ብዬ ስቀመጥ ይተኛና ስሮጥ ይነሳል፤ ልጆቹም «ጁስ ቤት መጣች» ይሉኛል። ሮማኑ ኮምጣጣ ነው፤ አፍንጫዬን ስለሚያነቃኝ ፈተና ያለ ቀን እሱን ነበር የምቀባው። እንጆሪው ውስጥ ግማሽ እንጆሪ፣ ግማሽ ቅጠል ነበር። እውነተኛው እንጆሪም ከእሾኹ መካከል ሲለቅሙት እንደዚያ ነው የሚሸተው።

ከሁሉም የምሳሳለት ግን ኮኩ ነበር። እቴቴ ጓሮ አንድ የኮክ ዛፍ ነበራት። ፍሬውን ብርዱና ወፉ ተጋግዘው ይጨርሱታል እንጂ በስሎ አያውቅም፤ እኛ ጠጣሩን ከነምሬቱ ነበር የምንበላው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ኮክ ግን በስሏል። ያ የጓሮው ዛፍ ቆላ ወርዶ ቢሆን ኖሮ የሚያፈራውን ነው እትዬ ዘሀራ ጨምቃ የያዘችው ብዬ አምን ነበር። ሞቅ ሲለኝ ከአንገቴ ሥር ይወጣል፤ ሲበርደኝ ተመልሶ ይገባል። የራሴ የሆነ፣ ማንም ያልሰጠኝ ሙቀት ነበር የሚመስለኝ።

ጋሽ ደምሴ አናጢ ነበሩ። (አንቱ የምላቸው ልማድ ሆኖብኝ ነው። ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ብዙ ጊዜ «አንተ» ልላቸው ቃጥቶኛል።) ሳቂታ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ በሰፈሩ የሚወደዱ ሰው ናቸው። ለጥር ሰርግ ዳስ የሚሆን ባሕር ዛፍ ሲጠርቡ መጥረቢያው ሸርተት ብሎ ቅልጥማቸውን ከፈተው። ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው፤ ነርሱ ሰፍቶ ጠቀለለላቸውና መድኃኒት ሰጣቸው፤ በየሁለት ቀኑ እየመጡ እንዲታጠቡም አዘዘ።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ልማድ ለማያውቅ ሰው መናገር አለብኝ። ቁስል ሽታ ይመታዋል ይባላል። ሽቶ የተቀባ ሰው ከቁስለኛ አጠገብ ከደረሰ ቁስሉ ያመረቅዛል። ስለዚህ እቴቴ ራስጌያቸው ላይ ጤና አዳም ሰቀለች፣ የተቆረጠ ሎሚ አስቀመጠች፣ ጠያቂ ሲመጣም በር ላይ ቆማ «ሽቶ የተቀባችሁ እንዳትገቡ» ትል ጀመር። ወደ እኔም ዞራ «ከዛሬ ጀምሮ ሽቶ የሚባል ነገር እንዳላይ» አለችኝ።

ታዘዝኩ። ይህን ልብ በሉልኝ። አምስቱንም ብልቃጥ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ፣ በጨርቅ አስሬ ቆጥ ላይ ሰቀልኩት። ገላዬንም ታጠብኩ፣ ሹራቤንም አጠብኩ። ለሰው ሕይወት ብለው ሲያዝዙት እሺ የማይል ልጅ አልነበርኩም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ሲያልፍ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ሸተተኝ። ጎምዛዛ፣ ከባድ፣ ከጉሮሮ ኋላ የሚቀር ሽታ ነው። ሥራዬ ነውና ለእቴቴ ነገርኳት።

«እቴቴ፣ የሆነ ነገር ይሸታል።»

«ምን?»

«እንጃ። የሞተ አይጥ ሳይሆን አይቀርም።»

ጋሽ ደምሴ ከአልጋቸው ላይ ቶሎ ብለው «አጎዛው ነው!» አሉ። «ያ የገና በግ ቆዳ በደንብ አልለፋም። አውጥታ ፀሐይ ታስመታው።»

አጎዛውን ከሥራቸው ጎትቼ አውጥቼ አጥር ላይ አሰጣሁት። ሽታው አልወጣም። በማግሥቱ ከአልጋው ሥር በሆዴ ገብቼ በእንጨት እየኮረኮርኩ አይጥ ፈለግኩ። ሌላ የጠረጠርኩት ነገር አልነበረም። ጋሽ ደምሴ ከላይ ሆነው ሲያዩኝ ዝም አሉ። ያን ዝምታ ያኔ ሕመም ነው ብዬ ነበር የወሰድኩት።

ደግሞ በሌላ ቀን እቴቴ ወጣ ስትል ጠሩኝ።

«ትርሲትዬ፣ ያቺ የኮክ ሽቶሽ የት ደረሰች?»

«እቴቴ አስቀምጪ ብላኝ ሰቀልኳት።»

«እስቲ አውርጃትና እዚህች ጋቢዬ ጫፍ ላይ ጠብ አድርጊልኝ።»

«ሽታ አይመታዎትም ጋሼ?»

«ኮክ እኮ ፍሬ ነው። ፍሬ ደግሞ ሰው ይጎዳል እንዴ?» አሉና ፈገግ አሉ። «ለእቴቴ ግን እንዳትነግሪያት። የእኔና የአንቺ ነው።»

አወረድኩ፤ ጠብ አደረግኩላቸው። የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ አፍንጫቸው አንሥተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሽቶዬን የወደደልኝ ትልቅ ሰው አገኘሁ ብዬ ልቤ በደስታ ዘለለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ እሱ ሆነ። እቴቴ ስትገባ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ እንደያዙ ታገኛቸዋለች፤ «ምነው?» ስትላቸው «ብርዱ ነዋ» ይላሉ። ቁስሉን ልታይ ስትል «አይገለጥ! ሽታ ይመታዋል!» ብለው ይቆጧታል። ጤና ጣቢያውስ? «ነርሱ ድኗል፣ አትምጣ ብሎኛል።» ሰውን ሁሉ «ሽታ ይመታኛል» በሚል እያራቁ እኔን ሽቶ ይዤ እንድቀመጥ አጠገባቸው ያስጠጉኝ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይህን ገጣጥማ የምታይበት አእምሮ የላትም። የእሳቸው ግን የበሰለ ነበር።

ነገሩ የወጣው በጎረቤታችን በእትዬ በላይነሽ ነው። እትዬ በላይነሽ የታመመ ሰው ልትጠይቅ የመጣችበት ቤት ውስጥ ጥፋተኛ ሳታገኝ የማትወጣ ሴት ናት። ገና ደጃፉን አልፋ ስትገባ ቆመች።

«ዘነበች! ቤትሽ ሽቶ ይሸታል!»

«ምን?»

«ሽቶ ነው የምልሽ! ቁስሉም ሸቷል። መታው! ወይኔ፣ ሽታ መታው!»

እሷና እቴቴ የቁስሉን ጥቅልል ፈቱት። እኔን ወደ ውጭ ገፍተው ስላስወጡኝ ቁስሉን አላየሁም፤ ያየሁት እቴቴ ስትወጣ የነበራትን ፊት ነው። የጋቢው ጫፍ ላይ የዘይት ነጠብጣብ ነበር። ቆርቆሮውም ከቆጥ ወርዶ አልጋው አጠገብ ተቀምጧል። ምስክር አላስፈለገም።

«ትርሲት! አውጥተሻል?» አለች እቴቴ።

ተመልሼ ገባሁና ጋሽ ደምሴን አየኋቸው። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። «እኔ ነኝ አምጪ ያልኳት» ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚሉት እውነት ነው። እንደማልናገር አውቀው ነበር። «የእኔና የአንቺ ነው» ብለውኛል፤ እኔም ቃሌን ጠበቅኩ።

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወሰዷቸው። እግራቸው ከጉልበታቸው በታች ተቆረጠ።

እቴቴ ያን ቆርቆሮ ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ በድንጋይ ሰበረቻቸው። ብርቱካን፣ ማንጎ፣ ሮማን፣ እንጆሪ፣ ኮክ፣ አምስቱም ባንድ ጊዜ ተነሡ። ግቢው በሙሉ የፍሬ ማሳ ሆነ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር አሽትቼ አላውቅም፤ እንደዚያም ያለቀስኩበት ቀን የለም። ፀሐይ በወጣ ቁጥር ከአፈሩ ይነሣና ቤት ድረስ ይገባ ነበር። ለእቴቴ ግን ምንም አልሸተታትም። እኔ ነበርኩ ስገባና ስወጣ የምረግጠው።

ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን በአጭሩ እናገራለሁ፤ ሲረዝም ደሜ ይፈላል። ትምህርት ቤት ስሜ «እግር ቆራጯ» ሆነ። እናቶች ጉልበቱ የተላጠ ልጃቸውን ከአጠገቤ ይጎትቱት ነበር። እኔ ራሴ ሰው ቤት ከመግባቴ በፊት መዳፌን አሸትት ጀመር። ከሁሉ የከፋው ግን ሥራዬን መነጠቄ ነው። እቴቴ አንድም ቀን «አሽትቺልኝ» አላለችኝም። አንድ ጠዋት ወተቱ መኮምጠጡን ከሩቅ አውቄ ቆሜ አየኋት። እሷም ዓይኔን አይታ፣ እኔን ከምትጠይቅ፣ የኮመጠጠውን ጨልጣ ጠጣችው።

አሊዩ አምባም አንድ ቀን ይዛኝ ወረደች። ለመግዛት ሳይሆን ለጠብ ነው። እትዬ ዘሀራ ፊት አቁማኝ «መርዝሽን ለልጅ ሰጥተሽ ባሌን አካለ ጎደሎ አደረግሽው!» ብላ ጮኸች። ገበያው ዞሮ አየን።

እትዬ ዘሀራ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ነገሩን ሁሉ አስጨረሰቻት።

«ዘነበች፣ ጋሽ ደምሴን አላህ ያሽርልሽ፤ አዝኛለሁ። ግን ሽቶ እግር የሚቆርጥ ቢሆን እኔ ዘሀራ ዛሬ በምን ቆሜ እሄድ ነበር? ይሄ ሁሉ ገበያ በእንብርክኩ ነበር የሚገባው፣ ወላሂ! አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ ቁስሉ የሸተተው ከሽቶው በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? አይሸተኝ!»

«እንግዲያ የሚሸተውን ሰው ጠይቂ።»

እኔ በዚያ መሀል ከእቴቴ ቀሚስ ኋላ ሆኜ «አጎዛው ቀድሞ ነበር የሸተተው» አልኩ። እቴቴ ክንዴን ጨምድዳ «ስለ አጎዛ ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ። ዳገቱን እየጎተተች አወጣችኝ። መልሱ አፌ ውስጥ ነበር፤ መልስ መሆኑ የገባኝ ግን ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ እኔ የምናገረው ስለ በግ ቆዳ ነበር የመሰለኝ። ትምህርት ሲዘጋ እናቴ መጥታ ወሰደችኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ሲያድር፣ ሲከርም፣ ሃያ ዓመት ሞላው፤ አልጠራም። አንኮበር ለበዓል ወይም ለለቅሶ ስሄድ እቴቴ በሳቅ እየተቀበለች «ትርሲት መጣች! ሌላኛውን እግርህን ሰብስብ!» ትላቸዋለች። ጎረቤቱ ይስቃል። ጋሽ ደምሴም ይስቃሉ። ይቅር ብለውኛል ለካ! ያላጠፋሁትን ይቅር ተብዬ፣ ዓመት በዓሉን አብሬ እየሳቅኩ ስበላ ኖርኩ።

ሽቶውን በገዛሁበት ሳምንት ቅዳሜ አንኮበር ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ እንደወትሮው በር አጠገብ፣ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። እቴቴ ያንኑ ቀልዷን ቀለደችና ወተት ላምጣልሽ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። በርጩማ ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ አጎዛው አልነበረም አይደል?»

ምርኩዛቸውን ዳበስ አደረጉ። የማያስታውሱ መስሎኝ ነበር።

«አልነበረም» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ ጓዳው እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እግሬን ጠረኑ ጀምሮት ነበር። ጤና ጣቢያ ብሄድ ይቆርጡኛል ብዬ ፈራሁ። አንድ እግር ያለው አናጢ ማን ያሠራዋል? እስኪሽር ሰው እንዳይሸተው ብዬ ነው ሽቶሽን ያስመጣሁሽ።»

«እትዬ በላይነሽ ስትጮህብኝስ? እቴቴ ስትሰብርብኝስ?»

«አንቺ ልጅ ነሽ፤ ትረሺዋለሽ ብዬ ነው።»

ትረሺዋለሽ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እሱ የራሳቸው ጉዳይ ነው፤ ፍርሃታቸውንም እረዳላቸዋለሁ። በፍርሃታቸው እግራቸውን ከፈሉበት። ግን የእሳቸውን ፍርሃት እኔ ለምን ተሸከምኩት? ልጅ ስለሆንኩ እረሳዋለሁ? ልጅ እኮ ነው የማይረሳ!

እቴቴ የወተቱን ጣሳ ይዛ ከጓዳ ወጣች።

«ጋሼ፣ አሁን የነገሩኝን ለእቴቴም ይድገሙላት» አልኩ።

ጋሽ ደምሴ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን ነገርኩሽ?» አሉ።

እቴቴ እኔንም እሳቸውንም እያፈራረቀች አየች። ልጮህ ነበር። ልነሣና በሩን ወርውሬ ዘግቼ ልሄድ ነበር። ግን ብጮህስ ማን ያምነኛል? እኔ እኮ እግር ቆራጯ ነኝ። ቦርሳዬን ከፈትኩና ብልቃጧን አወጣሁ። ድሮ እንደማደርገው፣ ከጋቢያቸው ጫፍ ላይ ጠብ አደረግኩላቸው።

ኮኩ ተነሣ። መጀመሪያ ለምለሙ፣ ከዚያ ጣፋጩ። ጋሽ ደምሴ ያሰቡበት አይመስለኝም፤ እጃቸው በራሱ ሄዶ የጋቢውን ጫፍ ያዘና ወደ አፍንጫቸው ወሰደው። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እቴቴ ጣሳውን እንደያዘች ቆማ ታያቸው ነበር።

«ያኔም እንዲህ ታደርግ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ብርዱ ነው ትለኝ ነበር።»

ጋሽ ደምሴ ጋቢውን ለቀቁት። ጊዜው ግን አልፎ ነበር።

«ደምሴ፣ ያቺ ዘሀራ የጠየቀችኝን ልጠይቅህ። ከሽቶው በፊት ነው የሸተተው?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ያንኑ የማውቀውን ጀርባ አየሁት። አሁን እቴቴም አየችው።

«እኔስ አፍንጫ የለኝም» አለች። «አንተ ግን ነበረህ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ይቅርታ የምትል መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን እንዲህ ያለውን ቃል አፏ ለምዶ አያውቅም። የወተቱን ጣሳ በሁለት እጇ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችልኝ።

«ትርሲት፣ እስቲ ይቺን አሽትቺልኝ።»

አሸተትኩላት።

«ኮምጧል እቴቴ» አልኳት።